ፊርማው ነው የቀረው

ዋሽንግተን፣ ሴፕቴምበር 11

ውድ አባቴ፣

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። እጅዎ ሩቅ ስለሆነ ወረቀቱን ሳምኩት። እኔ ደህና ነኝ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ብርዱም ገና አልመጣም። ይህን ካልኩ ሰላምታው ይብቃንና ወደ ጥያቄዎ ልግባ፤ ደጋግሜ አንብቤው ግራ አጋብቶኛል።

«ጊዜው ሲያልቅና ፈራሚው ሲዘገይ፣ በመሃል ያለው ቀን የማን ነው?» ብለው ጽፈዋል። ከመቼ ወዲህ ነው የአሜሪካ ሕግ እርስዎን እንቅልፍ የሚነሳዎት? ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ካልሲ መልበሴን አልነበረም እንዴ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የነፃነት ድርጅታችን በዚህ አገር ቢሮ እንዳይከፍት፣ ባንዲራ እንዳይሰቅል፣ እኔንም በአስተርጓሚነት እንዳይቀጥር የሚከለክል ሕግ አለ። ኦስሎ ላይ የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላም ሕጉ አልተሻረም። ድርድሩ እስከቀጠለ ድረስ ግን ፕሬዚዳንቱ በየስድስት ወሩ እየፈረሙ ያስተኙታል። ፊርማ ካለ ቢሮ ነን፤ ፊርማ ከሌለ አንድ ፎቅ የተከራየን ሕገ ወጦች ነን። የእኔም ቪዛ በዚያው ክር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ያሁኑ ጊዜ በኦክቶበር መጨረሻ ያልቃል። በመሃል ያለው ቀን የማን እንደሆነ አለቃዬን ዶክተሩን ጠየቅኩት። «የአላህ ነው» ብሎ ሳቀ። እየሳቀ ግን መሳቢያውን ቆለፈ።

ሕጉን ለጊዜው የመተዉን ነገር በዐረብኛ «ተናዙል»፣ መብትን መተው፣ ብለን እንተረጉመዋለን። ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የሰዋስው መምህሩ አባቴ ካልወደዱት ይቆጡኝ። ገጹ ስላለቀ ወደ ሁለተኛው ልሻገር።

ስለ ተናዙሉ እንግዲህ ብዙ አይጨነቁ። ትልልቆቹ ሰዎች ተስማምተዋል፤ ፊርማው ነው የቀረው። ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደ ልቡ ይወጣል ይገባል፣ ማንም ማንንም አይፈራም።

ሙንዚር ለምን አይጽፍልኝም? ወንድሜ ታክሲውን ሸጠ የሚል ወሬ ሰማሁ። እውነት ከሆነ ለምን ከሌላ ሰው እሰማለሁ?

ፖስታው እንዳይዘገይ በአቡ ዙሃይር ፋርማሲ ፋክስ ልኬዋለሁ። አቡ ዙሃይርን ሰላም ይበሉልኝ፤ ማንበቡ እንደሆነ አይቀርም።

ልጅዎ ሩዋይዳ


አምዓሪ ካምፕ፣ ራማላ፣ ሴፕቴምበር 24

እማዬ ሩዋይዳ፣

ይህን ፋርማሲው አላየውም። ወደ አንቺ አገር የሚሄደው የሐጅ ሙፍሊሕ ልጅ በደረት ኪሱ ይዞት ይመጣል። ከፋክስሽ ሁለተኛው ገጽ ብቻ ነው የደረሰኝ፤ የመጀመሪያውን ማሽኑ አኝኮ በላው አለኝ አቡ ዙሃይር። ጥያቄዬን ስለማውቀው የመለስሽልኝ ገብቶኛል። አሁን ቁጭ በይና አንብቢ።

ሙንዚር ታክሲውን አልሸጠውም። ዳቦ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። በኦገስት መጨረሻ፣ ከዳቦ ቤቱ በታች ካለው መታጠፊያ ወደ ኋላ ሲወጣ ራጂን መታው። የአቡ ራጂን ልጅ፣ ያንን ብስክሌቱን ያዋሰሽን ራጂን። ሆስፒታል ሰነበተና ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጽፌልሻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ሁላችንም ደህና ነን» ብያለሁ። ይቅር በይኝ። እዚያ ብቻሽን ሆነሽ ግድግዳ እያየሽ እንድታለቅሺ አልፈለግሁም። በየጊዜው ደብዳቤውን ስጀምር ልነግርሽ ነበር፤ ሰላምታው ላይ ስደርስ ግን ወኔዬ ይከዳኛል።

ሽማግሌዎች በዚያው ዕለት ገብተው አጥዋ ወሰዱልን። አጥዋ ምን እንደሆነ ላንቺ አላስተምርም፤ የደም ሕጉ እንዳለ አለ፣ እጅ ግን ለጊዜው አይነሳም። ጊዜው የሚያልቀው በኖቬምበር የመጀመሪያው ዓርብ ነው። እስከዚያ ሙንዚር ኢያሪኮ አክስትሽ ዘንድ ይቀመጣል። እኔ በአቡ ራጂ በር አላልፍም፣ እሱ በሚሰግድበት መስጊድ አልገባም፣ መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም አልለውም። እሱ ሒሳብ እኔ ሰዋስው፣ ዕድሜያችንን በአንድ ትምህርት ቤት የጨረስን ሰዎች! ወዳጄ ልጁን ቀብሮ እኔ እንኳን ልደርሰው፣ ከመጋረጃ ኋላ ቆሜ ነው ያለቀስኩት።

በዚያ ዓርብ አቡ ራጂ ወይ እርቅ ያወርዳል፣ ወይ ጊዜውን ያራዝማል፣ ወይ እምቢ ይላል። እምቢ ካለ የራጂ ታናሽ ወንድም ዋኢል ነፃ ነው፤ የሙንዚርን ደም የሚጠይቅ የለም። እኛም ሰፈሩን ለቀን እንወጣለን። ከመንደራችን ስንወጣ ፍራሹን የተሸከመው አባቴ ነበር። አሁን እኔ አርጅቻለሁ፣ ሙንዚር ተደብቋል። ማን ሊሸከመው ነው?

በመሃል ያለው ቀን የማን ነው ያልኩሽ ለዚህ ነው። የአሜሪካ ሕግማ ምን አገባኝ።

እንዳትመጪ። ፊርማው ሳይመጣ ከወጣሽ ቪዛሽ ከቢሮው ጋር ይቀበራል። አንዱ ልጄ በፍርሃት ተቀምጦ ሌላዋን ከሥራ አላስወጣም።

አባትሽ ሸፊቅ


ዋሽንግተን፣ ኦክቶበር 6

አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ አልልም። አውቄዋለሁ።

ተቆጥቻለሁ፣ ይህንንም ልደብቅዎ አልችልም። ከእርስዎ የተማርኩት መደበቅ አይደለም። ራጂ ሞቶ እኔ እዚህ ስለ ባንዲራ ልክ ስከራከር፣ ምሳ ላይ ስስቅ ነበር። ደብዳቤዎን ያነበብኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ መውረጃዬን አለፍኩ፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄድኩ፣ ሹፌሩ «ደህና ነሽ ወይ እህቴ?» ሲለኝ በዐረብኛ መለስኩለት።

ሙንዚር ይበላል? አክስቴ ቤት ውስጥ ቆልፋ ነው የምታውለው ወይስ ይወጣል? ይህን ሳይሸፋፍኑ ይጻፉልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ለኡም ራጂ፣ ለራጂ እናት፣ ልጻፍላት። ጡት ያጠባችኝ ሴት ናት፣ እናቴ ታማ በተኛች ጊዜ። አጥዋው ወንዶቹን ይከለክላል፤ እኔን በምን ሕግ ነው የሚከለክለኝ? «አይሆንም» የሚለውን መልስዎን ከወዲሁ ሰምቼዋለሁ፤ ግን በጽሑፍ ይላኩልኝ፣ የማልታዘዘውን ነገር በወረቀት ማየት እወዳለሁ።

የእኛው ጉዳይ እንደቆመ ነው። ከውጭ ጉዳያቸው የምትደውል ሴት አለች፤ በየሳምንቱ «ሰኞ ትሰማላችሁ» ትላለች፣ ሰኞ ሲሆን እሷ ራሷ የለችም። ምክር ቤታቸው ውስጥ ፊርማው እንዲቀር የሚጮሁ አሉ። ዶክተሩ የልጆቹን ፎቶ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ቤቱ ወስዷል። «አቧራ በዛበት» አለኝ። እኔ ግን የሚያነሳው ፎቶ የሌለው ሰው ምን እንደሚያነሳ እያሰብኩ ነው።

ሩዋይዳ


ራማላ፣ ኦክቶበር 18

ሩዋይዳ፣

ይህን ከከተማው ፖስታ ቤት በፋክስ ነው የላክሁት። አቡ ዙሃይር ፋርማሲ ደጃፍ አልደርስም፤ ራሴን ካመመኝም እንዳመመኝ እቀመጣለሁ።

ያ ሁለተኛው ገጽሽ ምን እንዳደረገ ስሚ። አቡ ዙሃይር ወረቀቱን ከማሽኑ ሲያወጣ ዓይኑ የሚያየው፦ «ስለ ተናዙሉ አይጨነቁ። ትልልቆቹ ሰዎች ተስማምተዋል፤ ፊርማው ነው የቀረው። ማንም ማንንም አይፈራም።» በላዩ ላይ ፕሬዚዳንት የለ፣ ቢሮ የለ፣ አሜሪካ የለ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ደስ ብሎት ነው። ሚስጥር አድርጎ ይዞት ቆየ፣ በመጨረሻ ግን ለፀጉር አስተካካዩ ሹክ አለው። ፀጉር አስተካካዩ ጋ የተነገረ ነገር ደግሞ ሚናሬት ላይ እንደተነገረ ነው። በማግስቱ ካምፑ ሁሉ «አቡ ራጂ የልጁን ደም ተናዙል አድርጓል፣ የአስተማሪው ቤት ሰዎች ፊርማ እየጠበቁ ነው» ይላል። ከፊሉም በገንዘብ ነው ብሎ ጨመረበት።

ሐጅ ሙፍሊሕ መጥቶ ነገረኝ። አቡ ራጂን ሊያረጋጋው ሄዶ ነበር።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«ቁጭ በል መጀመሪያ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«‹ያቆምኩት እጄን ነው እንጂ ልጄን አልተውኩም› አለ። ‹እኔ የሰጠሁት አጥዋ ነው። አጥዋ ሰጥቼ ደም የተወ አሰኙኝ፣ ለዚያውም ገና የራጂ ጫማ በሬ ላይ ሳለ። ሸፊቅ ቃል የሚያስተምር ሰው ነው፤ ቃሉን ከየሰዉ አፍ ለቅሞ ይውሰድ። እስከ ቀጠሮው ዓርብ ካልወሰደው ጊዜው አይራዘምም› አለ።»

«ልጄ የጻፈችው ስለ ሌላ ነገር ነው!»

«እኔ አምንሃለሁ አስተማሪ። እኔን ማሳመን ግን ምን ያደርግልሃል?»

በየቤቱ ልሂድ ብል አጥዋው ይይዘኛል። ዝም ልበል ብል ወሬው ያድራል ይውላል። ዋኢል ዳቦ ቤቱ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ ዳቦ ግን አይገዛም። የኢያሪኮ ታክሲዎች የሚቆሙት እዚያ ነው።

አንቺንም ልቆጣሽ። ተናዙል ከየት እንደመጣ ረሳሽው? «ወረደ» ከሚለው ነው። ስድስተኛው እርባታ ነው፤ ሁለት ሰዎች አንድ ላይ የሚያደርጉት ነገር ሲሆን የምናረባው። የጥንቶቹ ሁለት ፈረሰኞች ከየፈረሳቸው ሲወርዱ ነበር እንዲያ የሚሉት። አንቺ ግን አንዱን ብቻ አወረድሽው፣ ያውም ልጁን የቀበረውን።

ለኡም ራጂ መጻፉን በተመለከተ መልሴ «አይሆንም» ነው። በወረቀት ፈልገሽ አልነበር? ይኸው።

ሙንዚር ይበላል። ጥቂት። አክስትሽ በሩን አትቆልፍበትም፣ እሱ ነው የሚቆልፈው።

አባትሽ


ዋሽንግተን፣ ኦክቶበር 28
በአቡ ዙሃይር ፋርማሲ ፋክስ

አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ አይደለም።

አቡ ዙሃይር! ማሽኑ ጋ ቆመህ እያነበብክ እንደሆነ አውቃለሁ። ደግ አደረግህ። አሁን ወረቀቱን ይዘህ ወደ ደጅ ውጣ። ካስፈለገ ወንበር ላይ ቁም። ባለፈው ሹክ ያልከውን ያህል አሁን ጩህ። አንድ ገጽ ብቻ ነው የላክሁልህ፣ ማሽንህ የሚበላው ሌላ የለም።

እኔ የአስተማሪ ሸፊቅ ልጅ ሩዋይዳ ነኝ። በሴፕቴምበር የጻፍኩት ቃል በዋሽንግተን ስላለው ቢሮአችን ነበር። እዚህ አገር እኛን የሚከለክል ሕግ አለ። ፕሬዚዳንታቸው ድርድሩ እስኪያልቅ ሕጉን ለስድስት ወር ያቆመዋል። ያንን «ተናዙል» ብዬ ተረጎምኩት። ተሳስቻለሁ። ማንም ለማንም ምንም አልተወም። የተሰጠን አጥዋ ነው። ጊዜው ባለቀ ቁጥር ደጃቸው ሄደን፣ ስማችንን ተናግረን እንደገና እንለምናለን። የእኛ ቤት ልጅ ሆኜ ይህን ቃል ማጣቴ ያሳፍረኛል። ትናንት በቢሮው መግለጫ ላይ ቃሉን ለወጥኩት። አለቃዬ «ከፕሬዚዳንቱ ጋር የደም ካሳ ልንነጋገር ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ቃሉን ግን አልሰረዘውም።

አጎቴ አቡ ራጂ፣ መስኮትዎ ለፋርማሲው ቅርብ ነው፤ እንደሚሰሙኝ አውቃለሁ። የራጂን ደም የተወ የለም። እርስዎ አልተዉም፣ እኛም አልጠየቅንም፣ የምንጠይቅበትም አፍ የለንም። ያንን ገጽ ስጽፍ የሆነውን የነገረኝ አልነበረም። ለእኔ ራጂ ያን ቀን በሕይወት ነበረ። በሰፈሩ ሁሉ ሞቶ እኔ ጋ ብቻ ቆይቶ ነበር። ኡም ራጂ፣ እናቴ፣ እጅሽን እስማለሁ። አባቴ እንዳልጽፍልሽ ከልክለውኛል፤ ስለዚህ አልጻፍኩልሽም፣ አቡ ዙሃይር ነው የጮኸው።

የእኛ ፊርማ አልመጣም። ሰኞ ትሰማላችሁ ተብለናል።

ሩዋይዳ


አምዓሪ ካምፕ፣ ኖቬምበር 6

እማዬ፣

አቡ ዙሃይር ወንበር ላይ ቆመ። አንዴ አንብቦ ሊወርድ ሲል፣ ከላይኛው መንገድ ያልሰሙ አሉ ተብሎ ደገመው። አንድ አሮጊት «አንተ ራስህ ምን ብለህ ነበር?» ስትለው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ዋሸሁ፣ ሳላውቅ» አለ። ከዚያ ወዲህ ፋክስ ሲመጣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያነሳው ይላሉ። አላምንም።

ከአቡ ራጂ መስኮት ግን ድምፅ አልመጣም። እስከ ዓርብ ድረስ ምንም። የኡም ራጂ መጋረጃ እንኳ አልተነቃነቀም። ፍራሾቹን ጠቅልዬ በገመድ አሰርኳቸው፤ ይህን የምነግርሽ ሁሉ ካለፈ በኋላ ስለሆነ አትደንግጪ።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ አቡ ራጂ ቤት ገቡ። እኔ ላይኛው መንገድ ላይ፣ ከዳገቱ ጫፍ እንድቆም ብቻ ተፈቀደልኝ። ዋኢል ወንበሩን ከዳቦ ቤቱ አምጥቶ ደረጃው ሥር ተቀምጧል። ሐጅ ሙፍሊሕ የአጥዋውን ነጭ ጨርቅ ይዞ ደረጃውን ወጣ። ቆዩ። በጣም ቆዩ። በሰው ፊት እንዳልቀመጥ የስልክ እንጨቱን ተደገፍኩ።

ከዚያ በሩ ተከፈተና አቡ ራጂ ራሱ ወጣ። ጢሙ ነጭ ሆኗል፤ ከኦገስት ወዲህ እኮ አላየሁትም። ደረጃውን አንድ አንድ እያለ ወረደ። መጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ወደ እኔ አየና «ውረድ እንግዲህ!» አለኝ። «እኔ ብቻዬን ልወርድ ነው?»

ወረድኩ። እሱ ከደረጃው እኔ ከዳገቱ። ስድስተኛው እርባታ ይኼ ነው፤ ዕድሜ ልኬን ሳስተምረው በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር።

«እርቅ አላወርድም» አለኝ።

ዋኢል ከወንበሩ ተነሳ።

«ጊዜውን ግን አራዝማለሁ፤ ስድስት ወር፣ እንደ ልጅህ ፕሬዚዳንት። ሲያልቅ ትመጣላችሁ። እንደገና ስድስት ወር። ሽማግሌዎቹ ‹አንዴ እርቅ አውርድና ይለቅልህ› ይሉኛል። ምኑ ይልቀቀኝ? እርቅ ባወርድ ሁላችሁም ቤታችሁ ትገባላችሁ። ከዚያ በኋላ ማን ነው በሬን አንኳኩቶ የራጂን ስም የሚጠራልኝ? አሁን እንኳ ‹ልጅህ› ነው የሚሉኝ ሁሉም፣ ስሙን ይፈሩታል።»

«ራጂ» አልኩ።

«እ?»

«ራጂ። አላህ ይማረው። ሒሳብ እንዳንተ አይችልም ነበር፣ ቅኔ ይወድ ነበር። እኔ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው።»

አለቀሰ ሩዋይዳ። እኔም አለቀስኩ። ዋኢል ወንበሩን አንስቶ ወደ ቤት አስገባው። ሐጅ ሙፍሊሕ ለታደሰው አጥዋ ምልክት ጨርቁ ላይ ቋጠሮ አሰረ። ከዚያ አቡ ራጂ በአጥዋው ላይ አንድ ነገር አላላ፤ ሰላም መባባል ተፈቅዷል፣ በበሩም አልፋለሁ። ሙንዚር ገና አልተፈቀደለትም። በሜይ ራሱ መጥቶ እዚያው ደረጃ ሥር ቆሞ የራጂን ስም ይጠራል። አንቺንም ጠርቶሻል። «ያቺ ቃል የምታበላሸውም ትምጣ» ነው ያለው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ሊገባ ሲል ተመለሰና «ብስክሌቱን የመለሰችው ጎማው ተንፍሶ ነበር» አለኝ።

ስለዚህ በሜይ ነይ፣ ፊርማ ኖረም አልኖረ። ከልክዬሽ ነበር፣ ትቼዋለሁ።

ፍራሾቹን ፈታኋቸው።

የእናንተስ ምን ሆነ? ሰኞ ምን አሏችሁ? ጠያቂው እኔ ብቻ አይደለሁም። አቡ ራጂ ትናንትም ዛሬም «የልጅቷ ፊርማ መጣ?» ብሎኛል። ይህን ስጽፍ ፋርማሲው በር ላይ ማሽኑን እያየ ቆሞ ነው፤ እኔም አጠገቡ ቆሜያለሁ። ቶሎ ላኪልን።

አባትሽ ሸፊቅ